የሳብዉፈር አምፕሊፋየር አመራረጥ፤ መብራት በባትሪ በሚቆጠብበት ቤት

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ አትላባራ የሚባል የመኖሪያ ሰፈር አለ። የ1997 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በንግድ ሥራ ለመሰማራት ወደ ጁባ የሄዱት ወገኖቻችን ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ከአገሩ የራቀ ሰው ማታ ከሥራ ሲመለስ የአገር ቤት ዘፈን መስማት ይወዳል፤ ይህም ማንም የሚያውቀው ነው። ይሁን እንጂ መብራትን በሚመለከት የጁባ ኑሮ ከአዲስ አበባ ኑሮ ይለያል። በ2012 ዓ.ም. 33 ሜጋዋት የሚያመነጭ በነዳጅ የሚሠራ ጣቢያ በከተማዪቱ ሥራ ቢጀምርም፣ ብዙ ቤቶች ዛሬም በጄኔሬተር ወይም ከፀሐይ በሚሞላ ባትሪ ይጠቀማሉ። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ የሳብዉፈር አምፕሊፋየር መምረጥ የጆሮ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የባትሪም ጉዳይ ይሆናል።

ገዢው ሱቅ ገብቶ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። እኛ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ዓይነቱ ምንድን ነው? ለሚያሰማው ድምፅ ምን ያህል ይበላል?» የሚለው ነው እንላለን። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ኃይል፣ ስለ ብቃትና ስለ ኦም ሕግ የምናስተምረው ሁሉ በዚህ አንድ ዕቃ ላይ ተሰብስቦ ስለሚገኝ፣ ጉዳዩን ዘርዘር አድርጎ ማየቱ ለመምህራንም ሳይጠቅም አይቀርም።

ሳብዉፈር ማለት በሙዚቃ ውስጥ ያለውን ወፍራም ድምፅ ብቻ ለይቶ የሚያሰማ ትልቅ ስፒከር ነው። የሰው ጆሮ በአማካይ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል ሲባል፣ የሳብዉፈር ድርሻ ከ20 እስከ 100 ወይም 120 ኸርዝ ያለው ብቻ ነው። የከበሮው ድው ማለትና የቤዝ ጊታሩ ወፍራም ክር የሚገኙት እዚህ ላይ ነው። ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር በልማዱ ሲቃኝ የመጨረሻው ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ያህል ይሰጣል።

ወፍራም ድምፅ ለምን ብዙ ኃይል ይጠይቃል? ድምፅ የሚሰማው ስፒከሩ አየር ሲገፋ ነው። ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር፣ ያንኑ ያህል ድምፅ ለማሰማት የስፒከሩ ኮን አራት እጥፍ ርቀት ወደ ፊትና ወደ ኋላ መመላለስ ይኖርበታል። በ80 ኸርዝ 1 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ ኮን በ40 ኸርዝ 4 ሚሊ ሜትር፣ በ20 ኸርዝ ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት ማለት ነው። ስለሆነም «እስከ 20 ኸርዝ ይወርዳል» የሚለውን ማስታወቂያ ለማሳደድ ገንዘብ ማፍሰስ እምብዛም አይመከርም። በተለይ ከካሴት ተቀድተው የቆዩት የአገራችን ዘፈኖች ከ40 ኸርዝ በታች ያላቸው ይዘት አነስተኛ በመሆኑ፣ እስከ 40 ኸርዝ በጥራት የሚያሰማ ሳብዉፈር ለብዙው ቤት ይበቃል።

የድምፅ ጉልህነትና ዋት እኩል እንደማያድጉም መዘንጋት የለበትም። ድምፁን በ3 ዴሲቤል ከፍ ለማድረግ የአምፕሊፋየሩ ኃይል እጥፍ መሆን አለበት፤ ጆሮአችን «እጥፍ ጎላ» ብሎ እንዲቀበለው ደግሞ 10 ዴሲቤል ያህል ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ከ100 ዋት ወደ 150 ዋት ለማሳደግ ገንዘብ የጨመረ ሰው ያገኘው ልዩነት 2 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንምጣ። አምፕሊፋየሮች ክላስ ኤ፣ ክላስ ቢ፣ ክላስ ኤቢ፣ ክላስ ዲ እየተባሉ የሚለዩት በውስጣቸው ያሉት ትራንዚስተሮች በሚሠሩበት ሁኔታ ነው። ፊደሉ የጥራት ማዕረግ አይደለም፤ እንደ ተማሪ የፈተና ውጤት ኤ ከዲ ይበልጣል ብሎ የሚገዛ ሰው ካለ ተሳስቷል።

ክላስ ኤ ቧንቧውን ሌትና ቀን ከፍቶ ሲፈልግ ብቻ እንደሚቀዳ ሰው ነው። ትራንዚስተሩ ዘፈን ኖረም አልኖረም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። በተለመደው አሠራር ብቃቱ ቢበዛ ከ25 እስከ 50 በመቶ ሲሆን፣ በተግባር ከዚያም ያነሰ ነው። ለሳብዉፈር አይሆንም፤ ከዚህ በላይ አናቆየውም።

ክላስ ቢ ግን ብልህ ዘዴ ነው። ሁለት ሰዎች ከግንዱ ወዲህና ወዲያ ቆመው በአንድ መጋዝ ሲቆርጡ አንዱ ይስባል፣ ሌላው ያርፋል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። በክላስ ቢም አንደኛው ትራንዚስተር የሞገዱን ላይኛውን ግማሽ፣ ሁለተኛው ታችኛውን ግማሽ ይሸከማል። ችግሩ ተራ ሲለዋወጡ መጋዙ ለአፍታ እንደሚያዝ ሁሉ፣ ሞገዱ ዜሮን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ድምፁ መበላሸቱ ነው። ክላስ ኤቢ ይህን ለማስወገድ የተፈለሰፈ ማስታረቂያ ነው፤ አንደኛው ሳያርፍ ሁለተኛው ጥቂት ቀድሞ መሳብ ይጀምራል። ለብዙ አሥርት ዓመታት በቤታችን ያለው ሬዲዮና ቴፕ ሁሉ በአብዛኛው በዚሁ ዓይነት ሲሠራ ኖሯል።

የክላስ ቢ ብቃት በመጽሐፍ 78.5 በመቶ ተብሎ ይጠቀሳል። ይህን ቁጥር አንድ ነገር ሳይጨምሩ ለተማሪ መስጠት ግን ያሳስታል። ይህ ብቃት የሚገኘው አምፕሊፋየሩ እስከ መጨረሻ ጉልበቱ ድረስ ባልተቋረጠ ሞገድ ሲሠራ ብቻ ነው። ሙዚቃ እንደዚያ አይደለም፤ ከበሮው ድው ብሎ ያልፋል፣ ከዚያ ጸጥታ ይከተላል። ደመቅ ተደርጎ በተከፈተ ዘፈን እንኳ አማካዩ ኃይል ከከፍተኛው አንድ ስምንተኛ ያህል ነው ተብሎ ይወሰዳል። በ100 ዋት ክላስ ቢ አምፕሊፋየር ይህ 12.5 ዋት ነው። በዚህ ደረጃ የሞገዱ ቁመት ከከፍተኛው 35 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ ብቃቱም 78.5 በ0.35 ሲባዛ ወደ 28 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ 12.5 ዋት ለማሰማት 45 ዋት ይበላል፤ 32 ዋቱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ክላስ ኤቢ በዝምታ ጊዜም የሚያሳልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ አለ፤ ትራንስፎርመሩም የሚያባክነው አለ። ይህ ሁሉ ሲደመር 55 ዋት ቢሆን የተጋነነ አይደለም። ድምፁ ሲቀነስማ ብቃቱ ይብስ ይወድቃል፤ በ1 ዋት ላይ 8 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ሙቀቱን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ጁባ በየካቲትና በመጋቢት ቀኑን ከ35 ዲግሪ በላይ የምትሞቅ ከተማ ናት። ሙቀት ማስተንፈሻው አሉሚኒየም ለእያንዳንዱ ዋት 1 ዲግሪ የሚጨምር ቢሆን፣ 32 ዋት ሲሸከም ከ67 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። አቧራ ከተከመረበት ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ከተዘጋበት ደግሞ የባሰ ይሆናል።

ክላስ ዲ አስተሳሰቡ ከሥሩ የተለየ ነው። የኤሌክትሪክ ካውያ እንዴት ሙቀቱን እንደሚጠብቅ እናስታውስ፤ ግማሽ ኃይል እየሰጠ አይደለም፣ ራሱን እያበራና እያጠፋ ነው እንጂ። በክላስ ዲም ትራንዚስተሩ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ሆኖ በሰከንድ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ድምፁ ከፍ ማለት ሲፈልግ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፣ ዝቅ ሲል ያጥራል። ከዚያ በኋላ የጥቅል ሽቦና የካፓሲተር ማጣሪያ ፈጣኑን መንቀጥቀጥ አስቀርቶ አማካዩን፣ ማለትም ሙዚቃውን፣ ለስፒከሩ ያቀብላል።

ብቃቱ ከየት መጣ? በትራንዚስተር ላይ የሚባክነው ኃይል በላዩ ላይ ያለው ቮልቴጅ በውስጡ በሚያልፈው ጅረት ሲባዛ ነው። ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ ጅረቱ ዜሮ ነው፤ በርቶ ሳለ ቮልቴጁ ዜሮ ሊባል ምንም አይቀረውም። በሁለቱም ሁኔታ ብዜቱ ኢምንት ነው። ክላስ ኤቢ የሚሞቀው ትራንዚስተሩ ግማሽ ክፍት ግማሽ ዝግ ሆኖ ሁለቱንም ስለሚሸከም ነው። ለተማሪ ይህን አንድ ነጥብ ማስያዝ የአምፕሊፋየርን ታሪክ በሙሉ እንደማስያዝ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ክላይቭ ሲንክሌር ኤክስ 10 የተባለውን፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን የዚህ ዓይነት አምፕሊፋየር እ.ኤ.አ. በ1964 ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ የዘመኑ ትራንዚስተሮች ፍጥነት ስላልነበራቸው አልሆነለትም። ዛሬ ግን ፈጣንና ርካሽ ትራንዚስተሮች ስላሉ የክላስ ዲ ብቃት በከፍተኛ ጉልበት ከ85 እስከ 90 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

እስቲ ይህን ወደ አትላባራ ቤት እናምጣው። ቤተሰቡ ከፀሐይ የሚሞላ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ አለው እንበል። በስሌት 1,200 ዋት ሰዓት ነው፤ ነገር ግን የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዲቆይ ከግማሽ በላይ ባይራገፍ ስለሚመረጥ፣ ለሌሊቱ የሚፈቀደው 600 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ሳብዉፈሩ ማታ ለ5 ሰዓት ቢሠራ፣ ክላስ ኤቢው 55 ዋት በ5 ሰዓት 275 ዋት ሰዓት ይበላል። ኢንቨርተሩ ራሱ 15 በመቶ ያህል የሚያባክን ከሆነ፣ ከባትሪው የሚወጣው ወደ 324 ይደርሳል፤ ከሌሊቱ ድርሻ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ለዚያው ድምፅ ክላስ ዲው ከነዝምታ ፍጆታው 22 ዋት ያህል ቢወስድ፣ በ5 ሰዓት 110፣ ከኢንቨርተሩ ብክነት ጋር 129 ዋት ሰዓት ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 195 ዋት ሰዓት፣ አራት ባለ 10 ዋት አምፖሎችን ለ5 ሰዓት ያህል ያበራል። ልጆች የሚያጠኑበት መብራት ከዘፈኑ ጋር የሚሻማው እዚህ ላይ ነው።

በጄኔሬተር ለሚጠቀም ሰው ግን ሒሳቡ ይህን ያህል አያስጨንቅም። ጄኔሬተሩ ማቀዝቀዣውን ለማንቀሳቀስ የተነሣ ከሆነ፣ ሠላሳ ዋት ቢጨመር ወይም ቢቀነስ ቤንዚኑ ላይ የሚታየው ለውጥ ጥቂት ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት በእጁ ያለውን ክላስ ኤቢ ጥሎ አዲስ ግዛ ብለን አንመክርም።

«ክላስ ዲ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ወፍራም ድምፅን አይጨብጥም» የሚል አባባል በሬዲዮ ጠጋኞች ዘንድ ሲነገር እንሰማለን። የቀድሞዎቹን በተመለከተ እውነትነት ነበረው። ለሳብዉፈር ግን ክርክሩ ቦታ የለውም። ማጣሪያው ሊያበላሽ የሚችለው ከ10,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ሲሆን፣ ሳብዉፈር ደግሞ ከ120 ኸርዝ በላይ አይሰማም። «መጨበጥ» የሚባለውም ቢሆን የሚወሰነው በአምፕሊፋየሩ የውስጥ ሙግደት ነው፤ በሁለቱም ዓይነት ይህ ከ0.1 ኦም በታች ሲሆን፣ የባለ 4 ኦም ስፒከር ጥቅል ሽቦ ለብቻው ከ3 ኦም በላይ አለው። ትንሹ ቁጥር በትልቁ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል።

የክላስ ዲ እውነተኛ ጉድለት ሌላ ነው። ሲበላሽ ለመጠገን ያስቸግራል። የክላስ ኤቢ ትላልቅ ትራንዚስተሮች በመበየጃ ካውያ ተነቅለው በሌላ ይተካሉ፤ መለዋወጫቸውም መርካቶም ሆነ ጁባ ኮኞ ኮኞ ገበያ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። በክላስ ዲ ላይ ግን ክፍሎቹ ደቃቅ ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው ሰሌዳው በሙሉ ነው። በመሆኑም ክላስ ዲ የሚገዛ ሰው አንድ ወጥ የተዘጋ ዕቃ ከመግዛት ይልቅ ሰሌዳው ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን ቢያረጋግጥ ይበጀዋል። ክላስ ጂና ክላስ ኤች የሚባሉትም አሉ፤ እነዚህ የክላስ ኤቢ ዘመዶች ሆነው ድምፁ ሲቀንስ ቮልቴጃቸውን ዝቅ በማድረግ ይቆጥባሉ። ለትላልቅ አዳራሽ ዕቃ እንጂ ለመኖሪያ ቤት እምብዛም አያስፈልጉም።

ከክላሱ ሌላ የኃይል ክፍሉም መታየት አለበት፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ሲሆኑ ገዢዎች ግን ይቀላቅሏቸዋል። ከባድ ትራንስፎርመር ያለበት አምፕሊፋየር ርካሽ በሆነ፣ ሞገዱ ደረጃ ደረጃ በሆነ ኢንቨርተር ሲሠራ ያጉረመርማል፣ ይሞቃልም። ቀላል የሆነውና ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበለው ዘመናዊው የኃይል ክፍል ግን ጄኔሬተር ሲዋዥቅ ይበልጥ ይታገሣል። በጀርባው ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ማየት ይበቃል።

ባትሪ ላለው ቤት ደግሞ አቋራጭ አለ። ለመኪና የተሠራ ባለ አንድ መስመር ክላስ ዲ አምፕሊፋየር በቀጥታ በ12 ቮልት ስለሚሠራ ኢንቨርተሩን ከነብክነቱ ያስቀረዋል። ሳብዉፈሩ ውስጡ አምፕሊፋየር የሌለበት ከሆነ ይህን የሚወዳደር አላገኘንም። ነገር ግን 360 ዋት በ12 ቮልት 30 አምፔር ስለሆነ ሽቦው ወፍራምና አጭር፣ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ መሆን ይኖርበታል። ባትሪ ላይ ያለ ፊውዝ የተገናኘ ሽቦ ቤት ያቃጥላል።

ፊውዝን ካነሣን አይቀር፣ የሻጭን ውሸት የሚያጋልጠውም እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ «3,000 ዋት» የሚል የመኪና አምፕሊፋየር ፊውዙ 30 አምፔር ቢሆን፣ ከባትሪው ሊወስድ የሚችለው 360 ዋት፣ ቢበዛ 400 ዋት ያህል ነው፤ ከገባው በላይ ሊያወጣ አይችልም። የቤት ዕቃም ቢሆን ጀርባው ላይ የፍጆታ ዋት ተጽፏል። ፊት ለፊቱ «ፒኤምፒኦ 5,000» እያለ ጀርባው 60 ዋት የሚል ዕቃ በየሱቁ ሞልቷል። የኃይል አለመጥፋት ሕግን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ተአማኒው «አርኤምኤስ» ተብሎ ከነኦሙ የተጻፈው ቁጥር ነው።

ኦሙን በሚመለከት ጥቂት እንበል። ኃይል የቮልቴጅ ካሬ ለሙግደት ሲካፈል ስለሆነ፣ ለ8 ኦም 100 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር 4 ኦም ሲገጠምለት 200 ዋት ለመስጠት ይሞክራል። የኃይል ክፍሉ ካልቻለ ይሞቃል ወይም ራሱን ያጠፋል። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን ማገናኘት 2 ኦም ስለሚሆን፣ «ከ4 ኦም በታች አይግጠሙ» ከሚል አምፕሊፋየር ጋር መሞከር አይገባም።

አምፕሊፋየር ከመለወጥ በፊት ሳብዉፈሩን ከክፍሉ መካከል አንሥቶ ጥግ ማስያዝ ይገባል። ሁለቱ ግድግዳዎችና ወለሉ ድምፁን ወደ ክፍሉ ስለሚመልሱት ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ሊጨምር ይችላል፤ ይህም አምፕሊፋየሩን በሁለት ወይም በአራት እጥፍ እንደማሳደግ ሲሆን ከባትሪው አንድ ዋት አይወስድም። ቆርቆሮ ጣሪያው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሚስማሩን ማጥበቅ ከማንኛውም ማስተካከያ ቁልፍ ይበልጣል።

አትላባራ የሚለው ስም በዐረብኛ ቃል በቃል «ወደ ውጭ ውጣ» እንደማለት ነው። ወፍራም ድምፅ ይህን ትእዛዝ በሚገባ ይፈጽማል። የ40 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 8.5 ሜትር ያህል፣ ማለትም ከብዙ ክፍሎች የሚበልጥ በመሆኑ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያስቀር ግድግዳና በር ይህን አያስቀረውም። ዘፋኙ ምን እንዳለ የማይሰማው ጎረቤት ከበሮውን ይሰማል። ስለዚህ የድምፁን መጠን መለካት ያለበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳይሆን ከአጥር ውጭ ቆሞ ነው።

ይህን በክፍል ውስጥ ማሳየት ለሚፈልግ መምህር ብዙ ዕቃ አያስፈልገውም። አንድ አሮጌ ክላስ ኤቢና አንድ አነስተኛ ባለ 12 ቮልት ክላስ ዲ ሰሌዳ፣ አንድ ስፒከር፣ በመስመሩ ውስጥ የሚገባ አምፔር መለኪያና አንድ ቴርሞሜትር ይበቃሉ። በሁለቱ ላይ ያንኑ ዘፈን በእኩል ድምፅ ለ15 ደቂቃ ማሰማት፣ የሚወስዱትን ጅረት በየደቂቃው መመዝገብ፣ በመጨረሻም ቴርሞሜትሩን በአሉሚኒየሙ ላይ ማስጠጋት ነው። ከግድግዳ ሶኬት የሚሠራ አምፕሊፋየር ሲሆን መለኪያውን መምህሩ ራሱ ያስገባ፤ ተማሪዎች 12 ቮልቱን ብቻ ይንኩ።